በሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት

የኢቦላ ወሬ አትላንታን ባስጨነቀ ሰሞን፣ ፍፁም በከተማዋ ዳርቻ ስኔልቪል ባለው የባልትና ሱቁ በር ላይ አንድ የታተመ ወረቀት ለጠፈ። «አንጨባበጥ፣ አንሳሳም» ይላል በአማርኛ። ከሥሩ ፊት የሌላቸው ሁለት ሰዎች ተራርቀው ቆመው ተሥለዋል። ከሁሉ ቀድሞ በመለጠፉ ኮርቶ ነበር።

አንድ ጠዋት የቆዩት ደንበኛው እትዬ ኪዳነምሕረት ገቡ። እህታቸውን አዲስ አበባ ቀብረው ገና መመለሳቸው ነው፤ ጥቁር ነጠላ ለብሰዋል። ፍፁምን ሲያዩ እንባቸው መጣና ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።

በሽታው ኢትዮጵያ እንዳልገባ ፍፁም ያውቃል። ግን ደንበኞቹ እያዩት ነው። ወደ ኋላ ሸሸት አለና በጣቱ ወረቀቱን አሳያቸው።

«ይቅርታ እትዬ፣ ሕጉ ነው።»

«እውነትህን ነው ልጄ» አሉና ምንም ሳይገዙ ወጡ።

በሩን ከኋላቸው ሲዘጋ ወረቀቱን አየ፤ ሥዕሉ ተለውጧል። አንደኛዋ ምስል ጥቁር ነጠላ ለብሳ እጇን ዘርግታለች። ሌላኛው ወደ ኋላ ሸሽቷል። ፍፁም ፊቱ በሐፍረት ጋለ። ወረቀቱን ገንጥሎ ቀደደው። ከመሳቢያ ሌላ ቅጂ አወጣ፤ በዚህኛው ሴትየዋ ጀርባዋን ሰጥታ እየሄደች ነው።

ስልኩ ጮኸ። መሐል አትላንታ ታክሲ የሚነዳው ወንድሙ ነቢዩ ነው።

«ስማ፣ እዚህ ፓርክ ያደረግኩበት ግድግዳ ላይ ያ የኢቦላ ወረቀት ተለጥፏል» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ወረቀቱ ላይ ያለኸው አንተ ነህ። ፍፁሜ፣ እትዬን ምን አድርገሃቸው ነው እንዲህ የሚያለቅሱት?»