ፈታኙ የወረደበት ፌርማታ

በሩን ዘግቻለሁ። ሰው ተሳፍሮ አልቋል፣ ስፖኪዮውን አይቻለሁ፣ መንገዱም ክፍት ነው። አውቶቡሱ ግን ከቆመበት ንቅንቅ አላለም። ምን ያድርግ፣ እኔ ሳልነዳው! መሪውን በሁለት እጄ ይዤ ቁጭ ብያለሁ።

ከጀርባዬ ያለው ወንበር ላይ ፈታኙ ጉሮሮውን ይጠራርጋል። ከጋራዥ ስንወጣ "ንጂ" ካለኝ ወዲህ ትንፍሽ አላለም። ይህ ሰው ዛሬ ካሳለፈኝ ሾፌር ነኝ። ከጣለኝ ግን አለቀ። ሁለቴ ወድቄያለሁ፣ ሁለቴም ገና ከግቢ ሳልወጣ በርሜል ገጭቼ። ከሦስት ጊዜ በላይ ደግሞ አይፈቀድም። ወደ ድሮ ሥራዬ ልመለስ ብልም የለም፤ ቲኬት መቁረጡን ማሽን ወስዶታል፣ እኛን ቆራጮቹን በወሩ መጨረሻ ያሰናብቱናል።

"ምነው እህቴ፣ እንቁላል ነው እንዴ የጫንሽው?" ይላል አንድ ጎረምሳ ከመሃል።

"እንቁላልማ ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል፣ እኛ ነን የቀረነው" ስትል አንዷ ትቀበለዋለች። አውቶቡሱ በሙሉ ይስቃል።

ወይ ጉዴ! ምን ነካኝ? ምን እየጠበቅኩ ነው?

ይሄኔ ከኋላ ላሜራው ይመታል። ዷ! ዷ! እጄ ማርሹን ሲያስገባ፣ እግሬ ፍሪሲዮኑን ሲለቅ እኔ ራሴ አላወቅኩም። ሄድን።

የገባኝ ከተንቀሳቀስን በኋላ ነው። ስንት ዓመት ሙሉ እዚያ የኋላው በር ላይ ቆሜ ቲኬት ስቆርጥ፣ የመጨረሻው ሰው እግሩን ሲያስገባ ላሜራውን ሁለቴ እመታለሁ፤ ሾፌሩ ያንን ሳይሰማ አይነዳም። ዛሬ የሾፌር ወንበር ላይ ተቀምጬ ያንኑ እየጠበቅኩ ነበር። መቺዋም እኔ፣ ጠባቂዋም እኔ! አይ የኔ ነገር።

ታዲያ ማን መታልኝ? ውስጡን በሚያሳየው መስታወት ቀና ብዬ ሳይ፣ የመጨረሻው ወንበር ላይ ባርኔጣቸውን እስከ ቅንድባቸው ያወረዱ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ባርኔጣ እሳቸውን ከኔ ሊደብቅ! አባ ቀስበሉ ናቸው። ዓይናቸው ደክሞ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ እኔ ስመታ እሳቸው ሲነዱ የኖርን ሰዎች ነን። መንዳት ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው፤ እሁድ እሁድ በባዶው ግቢ፣ "መሪ ይያዛል እንጂ አይታነቅም" እያሉ። ማታ ቤት ገብቼ በድስት ክዳን ስለማመድ ባለቤቴ "ዛሬ ደግሞ ድስቱን እስከ የት ነዳሽው?" እያለ ይስቅብኛል፤ ስቆ ሲጨርስ ሳህኖቹን እሱ ያጥባል።

እዚህ ድረስ እኔን ብለው መጡ! ግን ደግሞ ፈራሁ። ተፈታኝን መርዳት ክልክል ነው። ፈታኙ ዞሮ ወደ ኋላ በደንብ አየ። ከዚያ ወደ ፊት ተመለሰ።

ሁለት ፌርማታ አለፍን። ሦስተኛው ላይ ስቆም ፈታኙ ብድግ ይላል።

"እኔ እዚሁ ልውረድ።"

የፈሩት ይደርሳል። "አለቃ፣ በፈጠረዎት! መጨረሻ ፌርማታ እስክንደርስ እንኳ..."

"ቅድም ለምን ቆምሽ?"

መዋሸት አልችልበትም። "የሚመታልኝ ሰው እየጠበቅኩ ነበር።"

"ማን ነበር የሚመታው?"

"እኔው።"

ከንፈሩን ነከስ ያደርጋል። ይቆጣ ይሳቅ አይታወቅም። "በይ ተሳፋሪ አታስቁሚ" ብሎ ይወርድና መንገዱን ተሻግሮ ይሄዳል። አንዴ እንኳ ዞር ብሎ አላየኝም።

በሩን እዘጋለሁ። ስፖኪዮውን አያለሁ። እነዳለሁ፤ ሰው ጭኛለሁ፣ ሌላ ምን አደርጋለሁ? እንባዬ ግን ይወርዳል።

አባ ቀስበሉ የመያዣውን ብረት እየያዙ መጥተው ፈታኙ የለቀቀው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። "ምን ሆነሽ ነው የምታለቅሺው?"

"ወደቅኩ ጋሼ። ጥሎኝ ሄደ።"

"ይኼን ሁሉ ሰውስ ለማን ጥሎ ሄደ?"

ማርሽ እቀይራለሁ።

"እኔ የወደቅኩ ቀን ፈታኙ ከወንበሩ አስነስቶኝ እስከ ጋራዥ ድረስ ራሱ ነው የነዳው። አንቺ ሞኝ! የማያምናት ሴት እጅ ላይ ይኼን ሁሉ ሕዝብ ትቶ የሚወርድ ፈታኝ የት አገር አይተሻል?"

መስታወቱን ቀና ብዬ አያለሁ። የተኛ ሕፃን አለ። ጎረምሳው ስልኩን እየነካካ ነው። እንቁላል ያለችው ሴትዮ መስኮቱን ተደግፋ አንቀላፍታለች። ሁሉም እኔ እጅ ላይ ነው፤ ከኔ በላይ የሚያዝ ማንም የለም። እሰይ! እሰይ የኔ ጌታ!

"ዕድሜ ይስጥልኝ ጋሼ። እርስዎ ባይኖሩ ኖሮ..."

"ተይ እንጂ። እኔ አንድም ሰው ሳልጎዳ፣ የማንንም ቀሚስ በር ሳላስይዝ ጡረታ የወጣሁት በማን እጅ ሆነና? ሁለቷን ምት እኔም አንድ ቀን ልመልስልሽ እንጂ።" ባርኔጣቸውን መልሰው ዓይናቸው ላይ አወረዱ። "አሁን እንባሽን ጥረጊና መንገዱን እዪ።"

በእጅጌዬ እጠርጋለሁ።

"ሾፌር! ወራጅ አለ!" ትላለች አንዲት ሴት ከኋላ።

"አቤት!" እላለሁ፣ አውቶቡሱ ሙሉ እስኪሰማኝ።