የተራ ድንጋይ

የተራ ድንጋዮቻችን ሁሉ የመናፈሻው በር አጠገብ እንደ ቆሻሻ ተከምረዋል። ጎረቤቴ ክንዴን ቆንጠጥ ታደርገኛለች። «እቴ፣ ዛሬ ጉድ ሊፈላ ነው» ትላለች፤ ዓይኗ ግን ይስቃል። እኔም ምን ልዋሽ፣ እዚያው ሜዳው ዳር ስብሰባ ተጠርተን የለ፣ ወንበር ስቤ ከፊት ተቀምጫለሁ።

እኛ ሰፈር ሜዳ የሚያዘው በድንጋይ ነው። በጧት መጥቶ መሃል ሜዳ ላይ ድንጋዩን ያስቀመጠ ቀድሞ ይጫወታል፣ ቀጥሎ የመጣ ከኋላው ያስቀምጣል። የሌላ ሰው ድንጋይ አይነካም። ሰክሮ የአጥር ሽቦ የሚነቅለው እንኳ ድንጋይ አይነካም። ወንዱ ልጄ ኳስ የሚያሰለጥናቸው ልጆች ድንጋይ ኖራ የተቀባ ነው፤ የአማቼ፣ የሴት ልጄ ባል የበያጁ፣ ቡድን ደግሞ የብሎኬት ቁራጭ ነው። እኛ ወገባችንን ልናፍታታ የምንመጣ አሮጊቶች ያለችን የኔው መጅ ናት፤ ወፍጮ ቤት ሳይከፈት በፊት እህል ስፈጭ የኖርኩባት፣ እንደ እንቁላል የለሰለሰች። ሁሌም መጨረሻ ናት። መሃል ሜዳ ገብተን አናውቅም፣ ዳር ዳሩን ነው።

ይሄን ሁሉ ለማዘጋጃ ቤቷ ልጅ ማን ይንገራት። መናፈሻውን እቅድ ላውጣለት ብላ የመጣች፣ አፏ ማር የሆነ ልጅ ናት። እንግዳ ሲመጣ ይጠረጋል ብላ ነው መሰለኝ፣ ከስብሰባው በፊት ሜዳውን አስጠርጋ ድንጋዩን ሁሉ አስለቅማዋለች። አሁን ትልቅ የሸራ ካርታ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ታሳየናለች፤ አረንጓዴው የአዛውንት ሰዓት፣ ቀዩ የኳስ፣ ቢጫው የእናትና የልጅ። ከሚመጣው ወር ጀምሮ ማንም ከማንም አይጋፋም ትላለች። ሰዉ አንገቱን ይነቀንቃል። ካርታ ሲያሳዩት የማይነቀንቅ ማን አለ።

ልጄ ብድግ ይላል። የሚመጣው ወርስ ይሁን፣ የዛሬውን ምን እናድርግ ይላል። ከትልቁ ክለብ ልጆቹን የሚያይ ሰውዬ አሁን እየመጣ ነው። ልጄ ይሄን ቀን ሲጠብቅ ጸጉሩ ሸብቷል፤ ዛሬ ካላያቸው ሰውዬው ዳግመኛ አይመለስም። አማቼም ይነሳል። እሱ ደግሞ ከወዲያ ሰፈር ተጋጣሚ ጠርቷል፣ በሩ ላይ ጫማቸውን እያሰሩ ነው። መጀመሪያ የነበረው የኔ ድንጋይ ነው ይላል አንዱ። የለም የኔ ነው ይላል ሌላው። ልጅቷ የምን ድንጋይ ትላለች፤ ሰዉ ይስቃል። ግራ ሲገባት፣ በቃ ዕጣ ይጣል ትላለች።

እኔ ደግሞ ወሬ ሆዴ ውስጥ አያድርም። ጎህ ሲቀድ ከመስኮቴ አይቻለሁ፤ አማቼ ኖራ የተቀባውን አንስቶ ከብሎኬቱ ኋላ ሲያደርገው። ወደ ጎረቤቴ ጆሮ ጠጋ እላለሁ። የኔ ሹክሹክታ ግን፣ ባሌ ነፍሱን ይማረውና ሲለኝ እንደኖረው፣ ከደወል አይተናነስም።

ልጄ ወደኔ ይራመዳል።

«እማዬ፣ ምን አልሽ?» ይላል ልጄ።

አማቼ ፊቱ ብረት ሆኗል። «እማማ፣ ቤቴ ተቀምጠው፣ በኔው መስኮት እኔኑ ይሰልሉኛል?»

ዝም ብል ይበርድ ነበር። ጎረቤቴ በክርኗ ትጎሽመኛለች።

«መስኮቱማ ያንተ ነው» እላለሁ፤ «ዓይኑ ግን የኔ ነው።»

ሰዉ በሳቅ ይፈርሳል። ሳቁ ሳያልቅ የልጄ ቡጢ አማቼ አፍ ላይ ያርፋል። ጥርስ ሲሰበር እንደ ደረቅ ጭራሮ ነው የሚጮኸው። ጠረጴዛው ይገለበጣል። የዚህም የዚያም ወገን ተነስቶ ወደ ክምሩ ይሮጣል። ጉድ እኮ ነው፣ ለመማታት እንኳ ሁሉም የሚፈልገው የየራሱን ድንጋይ ነው፤ የሌላውን በእግሩ እየገፋ የራሱን ይፈልጋል። ካገኘ በኋላ ግን አይምርም። አንዱ ግንባሩ ተፈንክቶ በጭፍኑ ይዞራል። አንዱ የተሰበረ ክንዱን ታቅፎ ይጮሃል። የልጅቷ ቀሚስ ላይ የማን እንደሆነ ያልታወቀ ደም ተረጭቷል።

ልጄ አማቼን በኮሌታው ይዞ ወደ መሃል ሜዳ ይጎትተዋል። የት ጋ ነበር የኔ፣ የት ጋ ነበር ያንተ፣ ና አሳየኝ እያለ ይጎትተዋል። አማቼ በክምሩ ሲያልፍ እጁን ይሰዳል። አይመርጥም፤ ዓይኑን ደም ሞልቶታል። ያነሳው የኔን መጅ ነው።

«እሷን አትንካ» ብዬ እጮሃለሁ። የጮኽኩት ስለ ልጄ እንኳ አይደለም፣ ስለ መጇ ነው።

መሃል ሜዳ ሲደርሱ አንዴ ይመታዋል። ልጄ ይንበረከካል። ይደግመዋል። የዚያን ድምፅ እኔም ብሆን ለማንም አላወራውም።

አማቼ ጣቶቹን ይፈታል፣ መጇ ትወድቃለች። ልጆቹ ካርታውን አንጥፈው ልጄን ያጋድሙትና አራቱን ጫፍ ይዘው ይሮጣሉ። አረንጓዴውም ቢጫውም ቀይ ሆኗል። አንድ እጁ ተንጠልጥሎ አፈሩን ይጠርጋል። ልከተለው እነሳለሁ፣ ጎረቤቴ ነጠላዬን ይዛ ታስቀረኛለች።

አማቼን ግራና ቀኝ ይዘው ያወጡታል። አጠገቤ ሲደርስ ይቆማል።

«ለልጅዎ እርስዎ ይንገሯት» ይለኛል።



በሩ ላይ ቦርሳ ያንጠለጠለ ሰውዬ ቆሟል፤ የክለቡ ሰውዬ ነው። ባዶውን ሜዳ ያያል፣ ከመስመሩ ውጭ የቆመውን ሰው ያያል። አንድም ሰው እግሩን ወደ ውስጥ አያስገባም። ዛሬ ተራው የማን ነው ብሎ ይጠይቃል።

መሃል ሜዳ ላይ፣ ልክ የመጀመሪያው ድንጋይ በሚቀመጥበት ቦታ፣ መጄ ብቻዋን ቀልታ ተቀምጣለች። ሰዉ ሁሉ ወደኔ ዞሯል።