አንድ ጆንያ ገለባ

ሰሎሞን በሮቤ ከተማ ፎቶ ቤት ያለው፣ ሠርግ በመቅረጽ የታወቀ ሰው ነው። ዘንድሮ ግን ሙሽሮች ትልቁን ካሜራውን ሲያዩ ፊታቸውን ያጠቁራሉ። በስልክ የሚያዩትን ዓይነት ፎቶ የምታወጣ፣ መዳፍ የምታክል ካሜራ ካልያዝክ አትምጣብን ይሉታል። ስድስት ወር ጠብቆ አንድ አገኘ። ትንሽ ናት ብሎ የናቃት ሁሉ ዋጋዋን ሲሰማ ይደነግጣል።

ካሜራዋ የጠፋችው ከጎባ በላይ ባለች መንደር፣ በሠርግ ቀን፣ እድምተኛው ምሳ ላይ ሳለ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ ሰሎሞን ራሱ ጠላ ሞቅ ሲያደርገው፣ አዲስ አበባ እንኳ አልቃለች፣ የያዛት ሰው ገበያ ቢያወጣት ሳይውል ትሸጣለች እያለ ለዳሱ ሁሉ ሲያወራ ነበር። አፉን ቢሰበስብ ምን ነበረበት።

የጠፋችው ከሌንሳ እጅ ነው። ሌንሳ የዚያው መንደር ልጅ፣ የዱጉማ አንድያ ልጅ ናት፤ ከሰሎሞን ጋር መቅረጽ ከጀመረች ሁለት ዓመቷ ነው። ቦርሳው ውስጥ ከትቼ ጓዳ አስቀመጥኳት አለች። ቦርሳው ተገኘ፤ ባዶውን።

ዱጉማ ይህን ሲሰማ አንድ ነገር ትዝ አለው። የዛሬ ወር ልጁ ምድጃ ዳር ቁጭ ብላ፣ እንዲህ ያለች ካሜራ ቢኖረኝ የራሴን ፎቶ ቤት እከፍት ነበር ብላው ነበር። ያን ጊዜ ስቆ አልፎታል። አሁን ነገሩ አላስቀምጠው አለ። በማግስቱ እናቷ የሺሃረግ ፊት አቁሞ፣ አልወሰድኩም ብለሽ ማይ አላት።

"አባ፣ እርስዎ ካላመኑኝ ለማን ብዬ ነው የምምለው?" አለችው።

ያልወሰደ ሰው መሐላ ምን ያስፈራዋል ብሎ ደመደመ። ከቤቴ ውጪልኝ አላት። የሺሃረግ ልጄ እንዲህ አታደርግም ብላ ብታለቅስም፣ የእናት አንጀት ነው ብሎ አልሰማትም። ሌንሳ ልብሷን በፌስታል ይዛ አንገቱ ከተማ ያለችው አክስቷ ዘንድ ሄደች።

የመንደሩ ሽማግሌ አቶ ብዙነህ፣ ነገሩ ፖሊስ ጣቢያ ሳይደርስ በአባቶች ደንብ ይለቅ አሉ። ደንቡ ቀላል ነው። ከየቤቱ አንድ ሰው አንድ ጆንያ ገለባ ይዞ፣ መስኮት የሌለው ጎተራ ውስጥ ብቻውን ገብቶ ያራግፋል። የወሰደ ሰው ዕቃውን ከገለባው ጋር አራግፎ ይወጣል። ማን መለሰ ተብሎ አይጠየቅም። ሦስት ሳምንት ተቀጠረ። ሰሎሞንም ዕቃው እንዳይምታታ የካሜራዋን ስም በወረቀት ጽፎ ለየቤቱ አደለ።

ዱጉማ ለሌንሳ ደውሎ ካሜራዋ ያለችበትን ብቻ ንገሪኝ፣ እኔ ጎተራው አስገባታለሁ አላት። ሌንሳ ጆሮው ላይ ዘጋችበት። ከዚያ በኋላ ስልኩን አላነሳችም።

ሌላ መላ አልታየውም። ሁለቱን በሬዎቹንና ፈረሱን ሸጦ፣ ወረቀቷን ኪሱ ከትቶ አዲስ አበባ ገባ። በየሱቁ ሲያሳያት የለም፣ አልቋል ይሉታል። አንዱ ባለሱቅ ጋቢውን አይቶ ሳቀበት። በሦስተኛው ቀን አንድ ወጣት የተገለገለባትን ካሜራ ከአዲስ ዋጋ በላይ ጠራለት። ዱጉማ አልተከራከረም። መሬቱን በምን እንደሚያርስ እንኳ አላሰበም፤ ሐሳቡ ሁሉ የልጁ ስም ላይ ነበር።

ቀኑ ደረሰ። ዱጉማ ጆንያውን ተሸክሞ ገባ፣ አራገፈ፣ ወጣ። የቀረውም ቤት በየተራ እንዲሁ አደረገ። ሁሉም ሲጨርስ ሁለት ጎረምሶች ገለባውን በእጃቸው እየበተኑ ይፈልጉ ጀመር። ብዙም ሳይቆይ ካሜራዋ ወጣች።

እልልታው ቀለጠ። ሰሎሞን ግን ደጋግሞ አገላበጣት። ማንገቻዋን ቀይረውታል አለ። ሆዷን ከፍቶ ሲያይ ካርዱ የለም። የሠርጉ ፎቶ በሙሉ ጠፋ ማለት ነው፤ ሙሽሪት በነጠላዋ አፏን ይዛ አለቀሰች። ሰዉ ሁሉ ዱጉማን አየው። ካርድ ማውጣት የሚያውቅ በዚያ መንደር ከሌንሳ ሌላ ማን አለ? ዱጉማ አቀረቀረ። ቢሆንም ዕቃው ተመልሷል፤ ልጁን ከእስር አድኗታል። ይህ ብቻውን በቂው ነበር።

ፈቀቅ ብሎ ደወለ። አሁን አነሳችው።

"ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ነገሩ አልቋል። ይቅር ብዬሻለሁ፣ ነይ ግቢ።"



"እኔ ግን ይቅር አላልኩዎትም" አለችው። "ከእንግዲህ ልጅ አለችኝ አይበሉ።"

ስልኩ ተዘጋ። ሰርቃም ትኮራለች ብሎ ዱጉማ በገነ። በሬዎቹ ትዝ አሉት።

ጎተራውን ሊጠርጉ የቀሩት ጎረምሶች ሰሎሞንን ተጣሩ፤ ከገለባው ሥር ሌላ ካሜራ ይዘው ወጥተው ነበር፣ ሰሎሞን ሲያበራትም ሙሽሪት ስክሪኗ ላይ እየሳቀች ታየች።