የሃርላን ጫማ

የአውሎ ነፋስ ማስጠንቀቂያው ሳይረን ሲጮህ ሎርና እንደ ልማዷ የባሏን ጫማ ይዛ ምድር ቤት ወረደች፤ ከነፋሱ በኋላ መንገዱ ሁሉ ስባሪ መስታወት ነው። ሃርላን ግን እንደ ከተማው ወንዶች ሁሉ ሰማዩን ሊያይ በካልሲው በረንዳ ላይ ቀረ።

"አንተ ሰውዬ፣ ውረድ እንጂ!"

"መጣሁ! ደመናው አረንጓዴ ሆኗል፤ ይኼንን ሳላይማ አልወርድም!" አላት።

ነጎድጓድ የቀላቀለው ነፋስ ትንሿን ከተማ መታ፤ ምድር ቤቱ ሳይቀር ተንቀጠቀጠ። ጋብ ሲል ሃርላንን እየተጣራች ወጥታ በሩን ስትከፍት በረንዳው ከነጣሪያው ተነቅሎ ሄዷል። ጫማውን አቅፋ በባዶ እግሯ ነፋሱ ወደ ሄደበት የበቆሎ ማሳ አቀናች።

"ሎርና! እግርሽ እኮ ደም በደም ሆኗል! የያዝሽውን ጫማ አድርጊው እንጂ!" ብላ ጎረቤቷ ጮኸችባት።

"ኧረ የሃርላን ነው" አለች ሎርና፤ "ሲመጣ በካልሲ ሊሄድ ነው እንዴ?"