ለእንግዳ የተለኮሰ እሳት

ወይዘሮ ኤፊ የደጃፉን ደወል ሲሰሙ ካፖርታቸውን አውልቀው ማድ ቤት ውስጥ ሰቀሉና ወጥተው በሩን ጥርቅም አድርገው ዘጉት። የሳሎኑ የጋዝ ማሞቂያ ምድጃ ከማለዳ ጀምሮ ሲነድ ቆይቷል። እንግዳ የሚጠበቅበት ሳሎን አይቀዘቅዝም፤ እናታቸው በስኮትላንዷ ከተማ በግላስጎው ያሳደጓቸው እንዲህ ብለው ነው።

እንግዳዋ ሾና ትባላለች። አቅመ ደካሞች ብርዱም የጋዝ ክፍያውም ሳይጎዳቸው ክረምቱን እንዲወጡት የሚረዳ ድርጅት ሠራተኛ ናት። የኤፊን ቤት የጠቆመቻት የላይኛው ፎቅ ጎረቤት ናት።

«እሷ ወሬ ታበዛለች» አሉ ኤፊ፣ ሾና ገና ሳትቀመጥ። «በረዶ ላይ የምተኛ አስመስላ ነግራሻለች፣ አይደል?»

ሾና ፈገግ አለች። የሙቀት መለኪያዋን ጠረጴዛው ላይ አኖረች፤ ጥቂት ቆይታ ስታየው ግን ግራ ተጋባች።

«ወይዘሮ ኤፊ፣ ቤትዎ ከእኔ ቤት ይሞቃል እኮ!»

«ታዲያስ! አልኩሽ እኮ።»

«እሰይ። እንግዲያው ለበርዎ ያመጣሁትን የንፋስ መድፈኛ ጎማ ለሌላ ሰው ላድርሰው። የሚንቀጠቀጥ ሰው ሞልቷል» አለችና ቦርሳዋን መዝጋት ጀመረች።

ኤፊ ይህን አላሰቡም ነበር። እሳቱን የለኮሱት ለክብራቸው ነው፤ ክብራቸው ግን ዕርዳታውን ከደጃፍ ሊመልስባቸው ነው። ባለፈው ጥር በሳንባ ምች የተኙበት የሆስፒታል አልጋ ትዝ አላቸው። «ይበርደኛል» የሚለው ቃል አንደበታቸው ላይ ደርሶ ተመለሰ።

«ሻይ ሳትጠጪማ አትሄጂም» አሉ በምትኩ።

ሻዩን፣ የዘቢብ ዳቦውንና ቅቤውን በትሪ ይዘው ከማድ ቤት ተመለሱ። ሾና ቢላዋዋን ቅቤው ላይ ጫነች፤ አልገባላትም። አጥብቃ ስትጫነው ቅቤው ከሳህኑ ተፈናጥሮ ምንጣፉ ላይ እንደ ጠጠር ተንከባለለ።

ሁለቱም በዓይናቸው ተከተሉት።

«ፍሪጅ ውስጥ ነበር እንዴ?» አለች ሾና።

«ፍሪጁንማ ብርዱ ከገባ ጀምሮ ነቅዬዋለሁ። ምን ያደርግልኛል?»

ኤፊ የተናገሩትን የሰሙት ካመለጣቸው በኋላ ነው።

ሾና ጎንበስ ብላ ቅቤውን አነሳች። «አያቴ ቤት ምድጃው የሚለኮሰው ቄሱ ሲመጡ ብቻ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «እኛ የልጅ ልጆቿ ቄሱን የምንወዳቸው ለጸሎታቸው እንዳይመስልዎ።»

ኤፊን ሳቅ አመለጣቸው።

«እኔ ደግሞ ቄስ አይደለሁም፤ ኃጢአቴ ብዙ ነው። ይልቅ ይሄን እሳት ያጥፉትና እርስዎ የሚውሉበትን ያሳዩኝ።»

ኤፊ እሳቱን ትክ ብለው አዩት። ከዚያ አጠፉት። የማድ ቤቱን በር ከፈቱ፤ ካፖርታቸውን ከተሰቀለበት አወረዱና በእንግዳቸው ፊት ለብሰው እስከ አንገታቸው ቆለፉት።

ማድ ቤቱ ውስጥ አንድ ወንበር አለ፤ ወንበሩ ላይ ሁለት ብርድ ልብስ። በጓሮው በር ሥር የተወተፈው የኳስ ደጋፊዎች ሻርፕ ነው።

«የሟቹ ባለቤቴ ነው» አሉ ኤፊ። «ቡድኑ አንድም ቀን በደንብ ተከላክሎ አያውቅም። ሻርፑም ያው ነው።»

ሾና እየሳቀች ሻማ ለኮሰችና ወደ በሩ አስጠጋችው። ነበልባሉ ተኛ።

«ጋዝዎ የሚያልቀው ይሄን ንፋስ ሲያሞቅ ነው» አለች። ተንበርክካ ጎማውን በበሩ ጠርዝ ዙሪያ መለጠፍ ጀመረች። «የክፍያ ቅናሽም ይገባዎታል። ልመና አይደለም፤ መብትዎ ነው። ይሄን ልጨርስና ለጋዝ ኩባንያው አብረን እንደውላለን።»

«ሻዩ ይቀዘቅዝብሻል።»

«ይቀዝቅዝ።»

ስትጨርስ ሻማውን መልሳ አስጠጋችው። ነበልባሉ አንዴ ተወዛወዘና ቀጥ ብሎ ቆመ።

ክፍሉ ገና አልሞቀም። ወይዘሮ ኤፊ ግን ዓይናቸውን ከነበልባሉ ሳይነቅሉ፣ የካፖርታቸውን የላይኛውን ቁልፍ ፈቱ።