ጃካራንዳውን በአንድ እጄ

ይህ ታሪክ ውሸት ከሆነ ምላሴ ይቆረጥ! የውሃ ጉድጓዳችንን ያደረቀውን፣ ሰባት ትራክተር ያቃተውን መጤ ጃካራንዳ ትናንት በአንድ እጄ መንግዬ ጣልኩት። እንደምታውቁት በዚህ ዘመን ዛፍ የነቀለ ሰው የተከለውን ሰው ይረሳል። ጎረቤቶቼ ይህን ፈርተው ዛፎቻቸውን አቅፈው ተቀምጠዋል። እኔ ግን ምንም አልረሳሁም፤ የአያቴን በቅሎ ስም ሳይቀር አስታውሳለሁ!

ግራ ያጋባችኝ ሚስቴ ስንቅነሽ ናት። ምሳ ስንበላ የትሪውን አንድ ጥግ ሳትነካ ተወችው።

«የማን ድርሻ ነው?» አልኳት።

«የመክሊት አባት» አለች ቀስ ብላ።

ወደ በሩ ዞርኩ፤ ማንም አልገባም።

«አንተን ነው። ሦስት ቀን እያለቀስክ የቆፈርከውን ዛፍ የተከለችው ልጃችን ናት። ከሥራ ስትመጣ፣ እባክህ፣ ‹ማን ነሽ?› እንዳትላት።»