ከመንገድ ማዶ ያለች ሴት

የሹንዳራ ከተማ መንገድ ከገባላት ወዲህ በየወሩ አንድ ረድፍ ሱቅ ትጨምራለች። ድንበር የሚሻገሩት የጭነት መኪኖች ያድሩባታል። ገበያው የተራራው እግር ሥር ደርሷል።

ጉልዛማን የዚህ ገበያ አንደኛ ልብስ ሰፊ ነበር። ሦስት የስፌት መኪና አለው። በሠርጉ ሰሞን ሚስቱ ባስሚና ከእናቷ ቤት ያመጣችውን ባለጥልፍ ቀሚስ ብታሳየው፣ «ሳጥን ውስጥ ክተቺው፤ ዘመኑ የመኪና ነው» ብሏት ነበር።

አሁን ደንበኛው መንገድ ተሻገረ። ማዶ ሚራጃን የሚባል ጎረምሳ ሱቅ ከፍቷል። የሙሽራ ቀሚስ ይሰፋል፤ ደረቱ ላይ የእጅ ጥልፍ አለበት። ሰው ወረፋ ይይዛል።

«ጋሼ፣ ዛሬም የምትለካው ዝንብ ነው?» አለው የሻይ ቤቱ ባለቤት።

«አንተ ሻይህን አፍላ።»

እስከ ኢድ ገበያው ካልተመለሰ የስፌት መኪኖቹን ሸጦ ለጉልበት ሥራ ወደ ዱባይ ይሄዳል። ቆርጧል።

ጥልፉን ማን እንደሚሠራው መጠየቅ አይቻልም። የሴት እጅ ነው። የሰው ቤት ሴት ደግሞ በሌላ ወንድ አፍ አትነሳም፤ ጥያቄው ብቻ ጥይት ያስተኩሳል።

ስለዚህ ራሱ ወሰነ። የሚራጃን ሚስት ናት።

«ሚስት ያገባስ ሚራጃን ነው» አለ እራት ላይ።

ባስሚና ዳቦ እየቆረሰች ነበር። «ምኗ አማረህ?»

«እጇ። እንደዚያ ያለ እጅ ያላት ሴት ባሏን ንጉሥ ታደርገዋለች።»

«እሱስ ያውቅላታል?»

«ባያውቅ ነው የሚገርመኝ።»

ባስሚና የሻሿን ጫፍ ወደ አፏ ሳብ አደረገች።

ጉልዛማን እንቅልፍ አጣ። ፊቷን ባላያት ሴት ባል ላይ ይቀና ጀመር። መርፌውን ስትይዝ ጣቶቿ ይታዩታል፤ ከጎኗ ሚራጃን ተቀምጦ ሻይ ሲጠጣ ይታየዋል።

«ሴት ለሴት ነሽ» አላት ባስሚናን። «ቤታቸው ግቢና እያት።»

በማግስቱ ምሳ ሊበላ ሲመጣ፣ በየቤቱ እየዞረች አምባር የምትሸጠውና ለሱቆች ዕቃ የምታመላልሰው አሮጊት ጥቅሏን ታቅፋ ከግቢው ስትወጣ ተላለፉ። ሰላም አላት።

«አየሻት?» አለ ገና ሳይቀመጥ።

«አየኋት።»

«ቆንጆ ናት?»

«እሱን ባሏን ጠይቅ።»

«ደስተኛ ናት?»

ባስሚና ትንሽ አሰበች። «ሰሞኑን ደህና ናት።»

ይሄ ጨርሶ አቃጠለው።

የአጎቱን ልጅ ልኮ ከማዶ አንድ ቀሚስ አስገዛ። አርብ ከስግደት መልስ ምንጣፉ ላይ ዘረጋው። መቀስ ያዘ። ያቺን ሴት ማግኘት ባይችል ስፌቷን ይሰርቃል፤ ሱቁም ይተርፋል።

ከቀኝ ፈታ። ከግራ ፈታ። ክሩ እየተመዘዘ ጉልበቱ ላይ ተከመረ፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ወርቃማ። ሃያ ዓመት ልብስ ሰፍቷል፤ መነሻው ግን ጠፋው።

ባስሚና ሻይ ይዛ ገባች። የተፈታውን የቀሚሱን ደረት አየች። ትሪውን ቀስ ብላ አስቀምጣ አጠገቡ ተንበረከከች።

«እኔ የምጀምረው ከመሃል ነው» አለች።